የእኅታችን ልጅ ወደ ባሕር ስለ መጥለቁና ስለ ሰደርያው ምርጫ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ሙሽሮች ቤትና ስለ ጓዳ አያያዝ ብዙ የተማሩ ሰዎች ጽፈዋል። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ከባሕር በታች ስለሚለበስ ሰደርያ ነውና፤ አንባቢ ይህ ነገር ከቤተ ሰብ ጋራ ምን ያገናኘዋል ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ይህ ሰደርያ በእኛ ቤት አምስት ወር ሙሉ ሌላ ወሬ እስኪጠፋ ድረስ ሲያነጋግር ስለ ቆየ፤ የደረሰብንንና የተማርነውን እንደ ሆነው ለመጻፍ አሰብን።

የታላቅ እኅታችን ልጅ፣ ዕድሜው 23 ዓመት የሆነ፣ በጅቡቲ ወደብ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ በስልክ ጠርቶን፤ «ጋሼ፣ የአየር ሲሊንደር በጀርባዬ ተሸክሜ ባሕር ውስጥ መጥለቅ እየተማርሁ ነው። ለእማዬ ግን ለመንገር አልደፈርሁም፤ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለን።

በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በቆየንበት ዘመን ለባለ ጉዳዮች ብዙ ከባድ ቃል አንብበናል። የዚህን ያህል ግን የከበደን የለም። የዚህ ልጅ አባት ከ16 ዓመት በፊት በጣና ባሕር ላይ ቀርቷልና። ከዘጌ ቡና ጭኖ በደንገል ታንኳ ሲመለስ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣና ማዕበሉ ታንኳውን ገለበጠው። ዋና ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን የለበሰው ካፖርት እጁን ስለ ያዘው ዋናው አልጠቀመውም። ሬሳው የተገኘ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጁ ያን ጊዜ የ7 ዓመት ሕፃን ነበረ። እኅታችንም ከዚያ ወዲያ ከባሕር ዳር ለቀው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ጣናንም ዳግመኛ ሄደው አላዩትም።

ነገሩን በነገርናቸው ጊዜ ቡና እያፈሉ ነበረ። ጀበናውን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፤ «ውሃው ከአባቱ አልጠገበም ማለት ነው?» አሉ። ሦስት ቀን ያህል ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። በአራተኛው ቀን ግን አስጠርተውን፤ «አንተ ሄደህ እይ። የሚተው ከሆነ አስተወው። የማይተው ከሆነ ግን የሚለብሰውን ዕቃ አንተ ራስህ መርጠህ ግዛለት፤ ከመልበሱም በፊት እኔ ልየው» ብለው አዘዙን። ዋና ለማናውቅ ለእኛ ይህ ምን ያህል የሚያስጨንቅ አደራ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደን።

ስለዚህ ነገር ያለን እውቀት ከሁለት ትምህርት ቤት የተገኘ ነው። በቆሎ ተማሪነታችን ጊዜ የኔታ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ የወደቀውን የመጥረቢያ ብረት እንዴት እንዳንሳፈፈው ሲያስተምሩን፤ እኛ ደግሞ ብረት ለምን ይሰምጣል፣ እንጨትስ ለምን ይንሳፈፋል ብለን ጠየቅንና ኩርኩም ቀመስን። መልሱን ያገኘነው ከብዙ ዓመት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። መምህራችን እንቁላል በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲጨምሩት ሰመጠ፤ በውሃው ላይ ጨው ሲያበዙበት ያው እንቁላል ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ212 ዓመት የሞተው የሰራኩሱ አርኪሜዴስ ያገኘው ሕግ ይህ ነው አሉን፤ ይኸውም በውሃ ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ፣ ገፍቶ ካስለቀቀው ውሃ ክብደት ጋራ በተካከለ ኃይል ወደ ላይ ይገፋል ማለት ነው። እኛም በጅቡቲ የሰማነው ሁሉ ከዚህ አንድ ሕግ የወጣ ሆኖ አገኘነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍረን ከነጋድ ጣቢያ ስንወርድ ልጁ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ሁለት ቀን ከተማውን አስጎበኘን፤ ዓሣ አበላን፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ስለሚታየው፣ ዓሣ ነባሪ የሚያህል ሆኖ ሰው ስለማይነካው ስለ ታላቁ ሻርክ አጫወተን። በሦስተኛው ማታ ግን በባሕሩ ዳር ተቀምጠን ሳለ አንገቱን ደፍቶ የደበቀንን ነገር አወጣ።

ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ አገር ሰው በርካሽ አሮጌ ሰደርያ ገዝቶ ኖሯል። የጠላቂ ሰደርያ በውስጡ ከረጢት ያለበት ልብስ ነው፤ ከሲሊንደሩ በቀጭን ቱቦ አየር የሚያስገባ አንድ ቁልፍ፣ አየሩን የሚያስወጣ ደግሞ ሌላ ቁልፍና የሚሳብ ገመድ አለው። ይህ ሰደርያ ከባሕር በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ ስለ ኖረ፤ ጨው በማስገቢያው ቁልፍ ውስጥ ደርቆበት ነበረ። ልጁ በ6 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳለ ቁልፉን ጥቂት ቢጫነው ተጣብቆ ቀረ፤ አየሩም ሳያቋርጥ ይገባ ጀመር። ሰደርያው ሲነፋ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ወደ ላይ ሲነሣ የውሃው ጫና ይቀንሳል፤ ጫናው ሲቀንስ በከረጢቱ ያለው አየር ደግሞ ከፊተኛው ይልቅ ይሰፋል። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በጉልበቱ አያቆመውም። የሚያስፈራውም የሰደርያው መነፋት ብቻ አይደለም፤ በሳንባ ያለው አየርም እንዲሁ ይሰፋልና፤ ሰው ደንግጦ ትንፋሹን ከያዘ ከጥቂት ሜትር ጥልቀት ሲወጣ እንኳ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ልጁ መምህሩ ደጋግሞ ያለማመደው ትዝ ብሎት፤ አየሩን ከአፉ ሳያቋርጥ እያስወጣ በአንድ እጁ ቱቦውን ነቀለ፤ በሁለተኛው እጁ ገመዱን ሳበ፤ በደኅናም ወጣ።

ይህን ሲነግረን ፈገግ ለማለት ሞክሮ ነበር። እኛም የተናገርነው ቃል ለጋዜጣ የሚሆን አይደለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ ሳይወስደን ነጋ። ለእናቱ ምን ብለን እንደምንነግር፣ ብንደብቃቸውስ ምን ዓይነት ወንድም እንደምንሆን ስናወጣ ስናወርድ አደርን።

በነጋታው ወደ መምህሩ ሄድን። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፀሐይና ጨው ፊታቸውን ያጠቆረው የዚያው አገር ሰው ናቸው። ምስክር እንደምንጠይቅ አድርገን ጠየቅናቸው፤ እርሳቸውም አልተቆጡም። በመጀመሪያ የተረዳነው ይህ ነው። እኅታችንም ሆኑ እኛ ይህን ሰደርያ በጀልባ ላይ እንደሚለበሰው የነፍስ ማዳኛ ሰደርያ አድርገን ቆጥረነው ነበር። እንዲያ አይደለም። የነፍስ ማዳኛው የደከመን ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ እንዲይዝ ሆኖ ተሠርቷል። የጠላቂው ሰደርያ ግን ራሱን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ እንደሚያዞረው ዋስትና የለውም። ሥራው በውሃ ውስጥ የሚለዋወጠውን ክብደት ማስተካከል ብቻ ነው።

የሚለዋወጠው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው አየሩ ነው። አየር ክብደት የለውም እንላለን እንጂ 12 ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ውስጥ በ200 ባር ታምቆ ሲሞላ ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠላቂው ተንፍሶ ሲጨርሰው በዚያው ልክ ይቀልላል። በአሉሚኒየም የተሠራው ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል ራሱ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ የብረቱ ግን ባዶውንም ቢሆን ወደ ታች ያዘነብላል። ሁለተኛው የላስቲኩ ልብስ ነው። በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ ስላለ ያሞቃል፤ ደግሞም ያንሳፍፋል። ነገር ግን ጠላቂው በባሕር ውስጥ 10 ሜትር ሲወርድ አየር ሁሉ በግማሽ ይታመቃል፤ በ20 ሜትር ሢሶው፣ በ30 ሜትር ሩቡ ብቻ ይቀራል። የጣና ሰው ደንገል ውሃ ሲጠጣ ታንኳው እንደሚከብድ ያውቃልና ከዳር አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። የላስቲኩ ልብስ ግን ውሃ ሳይጠጣ በጫና ብቻ ከብዶ፤ ወደ ላይ ሲመለስ ደግሞ በዚያች ቅጽበት እንደ ቀድሞው ይቀልላል።

ስለዚህ መምህሩ ስለ ሰደርያው ከመናገራቸው በፊት፤ «እስቲ በመጀመሪያ የልጁን እርሳስ እንመዝን» አሉን። ጠላቂ ልብሱ እንዳያንሳፍፈው በወገቡ እርሳስ ይታጠቃል። የእኛ ልጅ 9 ኪሎ ታጥቆ ይወርድ ነበር፤ ለምን ይህን ያህል ቢባል፤ «ቶሎ እንድሰምጥ» አለ። መምህሩም ሲሊንደሩ ወደ 50 ባር እስኪወርድ ድረስ ካስተነፈሱት በኋላ፣ የሰደርያውን አየር ሁሉ አስወጥቶ፣ ትንፋሹን በልክ ይዞ በውሃው ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አዘዙት። ልኩ ውሃው ከዓይኑ ትይዩ ሲሆን ነው፤ ሲተነፍስ ደግሞ ቀስ ብሎ መስመጥ አለበት። ልጁ ግን እንደ ድንጋይ ወረደ። እርሳሱን አንድ አንድ ኪሎ እየቀነሱ ሲሞክሩት ልኩ 6 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ትርፍ የተሸከማት 3 ኪሎ 3 ሊትር ያህል ትርፍ አየር በሰደርያው ውስጥ እንዲነፋ ታስገድደው ነበር። ይህም ትርፍ አየር በወጣና በወረደ ቁጥር እየሰፋና እየጠበበ ሲያስቸግረው መኖሩን ያን ጊዜ አወቅን። እኛ ጥፋቱን ሁሉ በአሮጌው ቁልፍ ላይ ፈርደን ነበር፤ ይግባኙ ግን ግማሹን በእርሳሱ ላይ አደረገው።

ከዚህ በኋላ ወደ ምርጫው ገባን። የቀድሞ ጠላቂዎች ሰደርያ አልነበራቸውም። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉ ፈረንሳውያን በ1943 ዓ.ም. የአየር መተንፈሻውን መሣሪያ ሲያወጡ ጠላቂው የሚስተካከለው በእርሳሱና በገዛ ሳንባው ነበረ። በ1961 ዓ.ም. ሞሪስ ፌንዚ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ በአንገት የሚጠለቅ የሚነፋ ከረጢት አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ልብስ እጅጌ ጉርድ ሆኖ የሚለበሰው መጣ።

ዛሬ በሱቁ የተሰቀሉት በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው አየሩ በጎንም በጀርባም የሚዞር ነው፤ ይህ በውሃው ላይ ሰውን ቀጥ አድርጎ ስለሚያቆም ለጀማሪ ይመቻል፤ ሲነፋ ግን ደረትን ይጨብጣል። ሁለተኛው አየሩ በጀርባ ብቻ የሚሆን ነው፤ ከውሃ በታች ጠላቂውን እንደ ዓሣ ጋደም አድርጎ ይይዘዋል፤ በውሃው ላይ ግን ከልክ በላይ የነፉት እንደ ሆነ ፊትን ወደ ውሃው ይደፋል። ሦስተኛው የብረት ሰሌዳ በጀርባ ሆኖ ከበስተኋላው እንደ ክንፍ ያለ ከረጢት የታሰረበት ነው። ብረቱ ራሱ ከሚታጠቁት እርሳስ ከፊሉን ይተካል። ልጁ ዓይኑ ያረፈው በዚህ ላይ ነበረ፤ የጎበዞች ስለሚመስል ነው። እኛም ዳኛ በካባው አይዳኝም ብለን አለፍነው።

የከረጢቱ ስፋት ደግሞ እንደ ውሃው ጠባይ ይለያያል። በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ባሕር የሚጠልቅ ሰው 7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ ወይም ውሃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ብዙ እርሳስ ስለሚታጠቅ 20 ኪሎ ያህል የሚያነሣ ከረጢት ያስፈልገዋል። በጅቡቲ ግን ባሕሩ ሞቃት ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ልብስ ይበቃል። እንግዲህ ሰደርያው የሚያስተካክለው የአየሩን 3 ኪሎና ልብሱ በጥልቀት የሚያጎድለውን ጥቂት ኪሎ ነውና፤ ከ12 እስከ 15 ኪሎ የሚያነሣው ከበቂ በላይ ነው። ሰፊው ይሻላል፣ ለክፉ ቀን ይሆናል ስንል መምህሩ ሳቁብን። ትልቅ ከረጢት ትልቅ አየር ይይዛል፤ ያ ቁልፍ በተጣበቀበት ቀን ከረጢቱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ልጁን ከዚያ በበለጠ ኃይል ባነሣው ነበር።

ሲመረጥ የምናየውን እንዲህ አወቅን፤ እስኪወጠር ነፍተው ሲለብሱት ደረትን አለመጨነቁን፣ ትከሻው አለመላወሱን፣ ቁልፎቹ በዓይን ሳይታዩ በእጅ ብቻ ተለይተው መገኘታቸውን፣ ማስወጫው በትከሻም በታችም መኖሩን፣ እርሳሱም በአንድ ሳብታ የሚወልቅ መሆኑን ነው። ቀለሙን ልጁ መረጠ። እኛም አየሩ በጎንና በጀርባ የሚዞረውን፣ አዲሱን፣ መካከለኛውን ገዛን፤ አሮጌውን በቢላዋ ቀደን ጣልነው። ሌላ እናት ልጅ እንዳይገዛው ብለን ነው።

ከመመለሳችን በፊት ልጁ ወደ አሳል ሐይቅ ወሰደን። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ሲሆን ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ልጁ፤ «ጋሼ፣ እዚህ ሰው ቢፈልግም አይሰምጥም፤ ይግቡ» ብሎ ለመነን። ዙሪያውን አይተን ሰው አለመኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ገባን፤ በጀርባችንም ተኛን። ውሃው እንደ ፍራሽ ተሸከመን። በ40 ዘመናችን ያለፈ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ በውሃ ላይ ሲያርፍ የሚሰማውን ነገር ለመጻፍ ቃል አጣን። እንቁላሉ ትዝ አለን። ከዚያም የልጁ አባት ትዝ አለንና ቶሎ ወጣን።

ልጁም በዚያ ጨው ላይ ተቀምጦ ሳለ፤ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ የምማረው ለሻርኩ አይደለም። አንድ ቀን ጣና ልገባ ነው። አባቴ የቀረበትን ውሃ ከውስጡ ልየው ብዬ ነው» አለን። እኛ የጣና ውሃ ደፍራሽ ስለ ሆነ የሚታይበት ነገር እንደሌለ ነገርነው። እርሱም፤ «አውቃለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርነውም።

ስለ ጣና መምህሩን መልሰን ጠየቅን፤ የሰጡንም መልስ ለምክር ስለሚሆን እንጽፈዋለን። በባሕር አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ከ25 ግራም ያህል ሲመዝን በጣና 1 ኪሎ ብቻ ነው። ልጁ ከነዕቃው 95 ኪሎ ስለሚሆን፤ ለባሕር ከታጠቀው እርሳስ ከ2 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ካልቀነሰ በጣና ይሰምጣል። ደግሞም ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ሳስቷል፤ ጫናው በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ስለዚህ በሰደርያው ውስጥ ያለው አየር ከ10 ሜትር ጥልቀት ሲወጣ በጅቡቲ ሁለት እጥፍ የሚሰፋ ሲሆን በጣና ከዚያ አልፎ ይሰፋል። ጣና የጠለቀ ሐይቅ አይደለም፤ ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን እላይኛው ክፍል ላይ ሰደርያውን ከባሕሩ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ ይገባል። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ውሃ የሚጠልቅ ሰውም በባሕሩ የጊዜ ሠንጠረዥ ሊጠቀም አይገባውም፤ ለከፍታ የተሠራውን መያዝ አለበት። ታቹ ጭቃ ስለ ሆነ በእግሩ የነካው እንደ ሆነ የምታህለዋን ብርሃን ያጣታል፤ ሚዛኑን ሳያሳምር አይግባ አሉን። እኛ ደግሞ ዓባይ ከሚወጣበት አጠገብ ጉማሬ መኖሩን ብንነግራቸው፤ ለእርሱ የሚሆን ሰደርያ የለኝም አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው አሳሰቡን፤ የአገራችን ሰው ለበዓል ሲጣደፍ ይረሳዋልና። በባሕር የጠለቀ ሰው በሰውነቱ ውስጥ የታመቀ ናይትሮጂን ስላለ ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት የለበትም። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን አይሂድ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፤ በባቡርም ቢሆን በዚያው ቀን መሣፈር መልካም አይደለም።

እኛ ሰደርያውን ይዘን ተመለስን። ለእኅታችን ሁሉንም ነገርናቸው፤ የተጣበቀውን ቁልፍም አልደበቅንም፤ የጣናውንም አልደበቅንም። ሲሰሙ ቆይተው፤ «አየር እንደማያስወጣ በምን ይታወቃል?» አሉ። መምህሩ እስኪወጠር ተነፍቶ ማደር አለበት እንዳሉን ነገርናቸው። ሰደርያውን ተቀብለው በአፋቸው ይነፉት ጀመር። እናግዝዎ ብንላቸው አልፈቀዱም፤ እያረፉ እያረፉ ራሳቸው ነፍተው ጨረሱት። ከአልጋቸው አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ሰው እንደ ተቀመጠበት አድርገው አቆሙት፤ መብራቱም በጊዜ አልጠፋም።

ሲነጋ ገብተን ብናይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ሰደርያው በአልጋው ላይ ነበረ፤ እንደ ማታውም ውጥር ብሎ አድሯል። እርሳቸው በመዳፋቸው ጫን ጫን እያደረጉ፤ «አልጎደለም» አሉን። ቀጥለውም፤ «ላክለት። ጣና የሚገባበትን ቀን ግን አስቀድሞ ይንገረኝ፤ ከዳር እቆማለሁ» አሉ። አየሩንም አስወጥተው ካጠፉት በኋላ፤ በሶና ቋንጣ ጨምረው በነጠላቸው ጠቀለሉት።